የጽንስ አንጎል ምርመራ፦ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ፣ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በ21ኛው ሳምንቴ በተደረገልኝ አልትራሳውንድ በልጄ አንጎል ውስጥ ያለው የፈሳሽ ክፍተት 11 ሚሊሜትር ደርሷል ተብያለሁ። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ልነሣ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ክፍተት 10 ሚሊሜትር ሲሞላ ሰፍቷል ይባላል፤ ከ15 ሲያልፍ ከባድ ነው። የእርስዎ ልኬት በቀላሉ ደረጃ ላይ ነው፤ ሌላ ጉድለት ካልተገኘበትም አብዛኞቹ ሕፃናት በጤና ያድጋሉ። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ከቁጥሩ ይልቅ አብሮት ሌላ ችግር መኖር አለመኖሩ ነው። በቅድሚያ በጽንስ አንጎል ላይ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የጽንሱ ጭንቅላት ወደ ታች ከሆነ በሴት ብልት በኩል ጭምር፣ በአልትራሳውንድ በድጋሚ ይይልዎ። የኢንፌክሽንና የክሮሞዞም ምርመራም ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ እነዚህን ምስል ብቻውን አይመልሳቸውም።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ በእርግጥ ይበልጣል?

መልስ፦ በእንግሊዝ የተካሄደውና በ2017 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ሜሪዲያን የተባለው ጥናት 570 ጽንሶችን ተመልክቶ፣ አልትራሳውንድ በ68 በመቶው፣ ኤምአርአይ ሲታከልበት በ93 በመቶው ትክክለኛ ምርመራ መገኘቱን አሳይቷል። ሆኖም ሁሉም አስቀድሞ በአልትራሳውንድ የተጠረጠሩ ነበሩ፤ ንጽጽሩም በአብዛኛው ልዩ የአንጎል አልትራሳውንድን ያካተተ ስላልነበረ፣ በሠለጠነ እጅ ልዩነቱ ይጠባል ብዬ አምናለሁ። ኤምአርአይ ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም መጉደሉን፣ የኋለኛውን አንጎል፣ የደም መፍሰስንና የአንጎል ገጽ እጥፋትን አጥርቶ ያሳያል። የካልሲየም ክምችትንና በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ) የሚታየውን የደም ዝውውር ለማየት ግን አልትራሳውንድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጨረሩ ልጁን አይጎዳም?

መልስ፦ ኤምአርአይ የኤክስሬይ ጨረር የለውም። ጋዶሊኒየም የተባለው ማቅለሚያ የእንግዴ ልጅን ስለሚያልፍ በዚህ ምርመራ አይሰጥም። ሲቲ ስካን ግን ኤክስሬይ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አይመረጥም።

ጥያቄ፦ በስንተኛው ሳምንት?

መልስ፦ ከ18ኛው ሳምንት በፊት አንጎሉ ትንሽ፣ ጽንሱም ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ብዙም አይጠቅምም። የአንጎል ገጽ እጥፋት የሚጎላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በመሆኑ፣ ያ ከተጠረጠረ ምርመራው ይደገማል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ጤና ተቋም ኤምአርአይ የለውም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአገራችን በብዛት የሚያጋጥመውን የነርቭ ቱቦ ጉድለት (የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ጉድለት)፣ በተለይ የራስ ቅል አለመፈጠርን፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፤ ለእርሱ ኤምአርአይ አያስፈልግም። በሌላ ችግር እናቲቱን ለኤምአርአይ ሲልኩ የአልትራሳውንዱን ምስሎች፣ ልኬቱንና የጽንሱን ዕድሜ አብረው ይላኩ፤ "የአንጎል ችግር ይታይ" ከማለትም "ኮርፐስ ካሎሰም አለ ወይ?" ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ኤምአርአይ የሚያነበው ሐኪም በየትኛው አቅጣጫ ምስል እንደሚያስነሣ የሚወስነው በዚያ ጥያቄ ነውና።