የአሮጌ ሞተር ሳይክል የጎማ ኩሽኔታ፦ ቅድመ ጫናውን የሚወስነው ዳዶው ሳይሆን ስፔሰሩ ነው

ወንድሜ፣ የ1970ዎቹ ስሪት የሆነውን ሞተር ሳይክልዎን የፊት ጎማ ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታዎች ራስዎ ከቀየሩ በኋላ የአክስሉ ዳዶ ሙሉ በሙሉ ሲጠብቅ ጎማው ከብዶ እንደሚዞር፣ ዳዶው ሩብ ዙር ሲላላ ግን ያለ ችግር እንደሚሽከረከር ገልጸው ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው ዳዶውን የቱ ጋ ማቆም እንዳለብዎ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ደህና ስለመሰለዎት ሳያወጡት የተዉት አሮጌ የውጭ ቀለበት ከአዲሱ ሮለር ጋር አብሮ መሥራት ይችል እንደሆነ ነው። ዳዶውን ላላ አድርገው በክር ማጣበቂያ እንዲያስሩት የመከረዎት ሰው እንዳለም ጽፈዋል። ይህን ምክር እባክዎን አይከተሉ። በእርስዎ ዓይነት ጎማ ላይ የአክስሉ ዳዶ የሚጠብቀው አምራቹ በወሰነው ሙሉ ኃይል ነው፤ በዚያ ኃይል ጠብቆ ጎማው የሚከብድ ከሆነ የሚስተካከለው ዳዶው ሳይሆን በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለው ስፔሰር፣ ማለትም አራርቆ የሚይዛቸው ቱቦ ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በብዙ የቆዩ መኪናዎች የፊት ጎማና በጣም አሮጌ በሆኑ ሞተር ሳይክሎች ላይ በሁለቱ የውስጥ ቀለበቶች መካከል ምንም ነገር ስለሌለ ዳዶው ራሱ ቀለበቶቹን እየገፋ ክፍተቱን ይወስናል፤ ስለዚህ እዚያ አጥብቆ ጥቂት መመለስ ትክክለኛ አሠራር ነው። በእርስዎ ሞተር ሳይክል ላይ ግን የዳዶው ሥራ ሌላ ነው። አክስሉን በጥቂቱ እየወጠረ በፎርኬላው፣ ማለትም የፊት ጎማውን በሚይዘው ሹካ፣ ሁለት እግሮች መካከል የተደረደሩትን ሁሉ፣ ማለትም የውጭ ስፔሰሮቹን፣ የሁለቱን ኩሽኔታዎች የውስጥ ቀለበቶችና በመካከላቸው ያለውን ቱቦ፣ እንደ አንድ ወጥ ምሰሶ አጣብቆ ይይዛቸዋል። ዳዶው ሲላላ የውስጥ ቀለበቶቹ በአክስሉ ላይ ቀስ በቀስ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ አክስሉን ይበላሉ፣ በሚነካኩበት ቦታ ቀይ ቡናማ ዱቄት ይተዋሉ፣ የስፔሰሩንም ጫፍ እየፋቁ ያሳጥሩታል። የፎርኬላው እግሮች እርስ በርስ የሚያያዙት በአክስሉም በኩል ስለሆነ አያያዙ ይላላል፤ ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ዳዶው በጉዞ ላይ ሊወልቅ መቻሉ ነው።

አሁን ጎማው ለምን እንደከበደ እንመልከት። የውስጥ ቀለበቶቹ ሮለሮቻቸውን ይዘው ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል በተገፉ ቁጥር ወደ ውጭ ቀለበቶቹ ሾጣጣ ጉድጓድ እየጠለቁ ይሄዳሉ። የት ላይ እንደሚቆሙ የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ስፔሰር ርዝመት ነው፤ ስፔሰሩ ከረዘመ ልቅነት ይኖራል፣ ካጠረ ደግሞ ሮለሮቹ ከሚገባው በላይ ይጨመቃሉ። የምንፈልገው ቅድመ ጫና፣ ማለትም ልቅነቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሮለሮቹ በጥቂቱ የተጫኑበት ሁኔታ፣ የሚገኘው በሚሊሜትር ጥቂት መቶኛዎች ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ለእርስዎም ችግር ዋናው ምክንያት ነው ብዬ የማምነው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ 30203 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ዲያሜትሩ 40፣ ጠቅላላ ውፍረቱ 13.25 ሚሊሜትር ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ይሁን እንጂ በመደበኛው የጥራት ደረጃ ይህ ጠቅላላ ውፍረት እስከ 0.2 ሚሊሜትር ሊበልጥ ይፈቀዳል። የሁለቱን ኩሽኔታዎች ልዩነት ደምረው ከምንፈልጋቸው ጥቂት መቶኛዎች ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ለአሮጌዎቹ ኩሽኔታዎች በልክ የተመረጠው ስፔሰር ለአዲሶቹ ልክ ሆኖ የሚገኘው በዕድል ብቻ መሆኑን ይረዱታል። ስለዚህ ኩሽኔታ በተቀየረ ቁጥር ስፔሰሩ እንደገና ይለካል። በ1970ዎቹ የቢኤምደብሊው ቦክሰር ሞተር ሳይክሎች ላይ ለዚሁ ሥራ በጥቃቅን የውፍረት ልዩነት የተዘጋጁ ቀለበቶች የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ አሮጌውን የውጭ ቀለበት ያውጡት። ቀለበቱና ሮለሮቹ አብረው እንዲሠሩ የተዘጋጁ ጥንድ ናቸው። ዓይን የማያየው ያረጀ ገጽታ በጥፍር ሲዳሰስ ወይም ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብዙ ጊዜ ይገለጣል። በሮለሮቹ ልክ ተራርቀው የተሰለፉ ደብዛዛ መስመሮች ካሉ ቆሞ በመንቀጥቀጥ ወይም በዝገት የመጡ ናቸው፤ ሰማያዊ ቀለም ካለ ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ሞቋል። ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ አዲስ ሮለር በአሮጌ መንገድ ላይ ማስኬድ ገንዘቡንም ድካሙንም ማባከን ነው።

ቀለበቱን በመዶሻ ብቻ ለማውጣት አይሞክሩ። ሞዞው፣ ማለትም ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡበት የጎማው መሃል፣ አሉሚኒየም ከሆነ ሙቀት ሥራውን ያቀልለታል፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረትን ሁለት እጥፍ ገደማ ነውና። 40 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም መቀመጫ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.07 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በውስጡ አብሮት የሞቀው የብረት ቀለበት ደግሞ 0.04 ገደማ። ሲያወጡ የሚጠቅምዎት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው፤ ሲያስገቡ ግን ቀለበቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙሉው 0.07 የእርስዎ ነው፣ ቀለበቱን አስቀድመው በማቀዝቀዣ ውስጥ ካሳደሩት ደግሞ ሌላ 0.02 ገደማ ያተርፋሉ። ለዚህ ነው ማስገባት ከማውጣት የሚቀለው። ኦይል ሲሎቹን አስቀድመው ያውጡ፣ ሞዞውን በሙቅ አየር ማሽን ዙሪያውን እኩል ያሙቁ፤ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ወዲያው ፈልቶ ከተነነ በቂ ነው። የእሳት ነበልባል በአንድ ቦታ ላይ ማቆም ሞዞውን ሊያጣምመው ስለሚችል አልመክርም። ቀለበቱ ሲገባ ጠርዙን በአንድ ጎን ብቻ አይምቱት፤ የአሮጌውን ቀለበት ውጫዊ ገጽ በጥቂቱ ሞርደው ካሳነሱት ጥሩ መግፊያ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ከድፍን ወደ ጠንካራና ጥርት ያለ ሲለወጥ ቀለበቱ መቀመጫው ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና በቀስታ መታ አድርገው ያረጋግጡ፤ ከመቀመጫው በጥቂቱ ርቆ የቀረ ቀለበት በኋላ የሚለኩትን ሁሉ ያሳስተዋልና። ሞዞው ቀዝቅዞ ሳለ ቀለበቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ መቀመጫው ተበልቷል፤ ማጣበቂያ በጣም ትንሽ ለሆነ ልቅነት ሊያግዝ ቢችልም ከዚያ ላለፈው መፍትሔው በቶርኖ ሰፍቶ ቡሽ ማስገባት ነው።

ልኬቱ የዚህ ሥራ ልብ ስለሆነ በትዕግሥት ይሥሩት። ለልኬቱ ኩሽኔታዎቹን በቀጭን ዘይት ብቻ ያርሷቸው፤ ግራሶ ካለ የራሱ ክብደት ቅድመ ጫና መስሎ ያሳስታል። ኦይል ሲሎቹን ስለ ግጭታቸው፣ የፍሬን ሸራዎቹንም እንዲሁ ለጊዜው ከዚያ ያርቁ። አክስሉን በሞርሳ አስረው፣ ጎማውን በላዩ አድርገው፣ በፎርኬላው እግሮች ፋንታ ጠንካራ የብረት ቱቦዎችን በመተካት ዳዶውን በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ በጥገና መጽሐፉ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ። ልኩ መጠበቁ ግድ ነው፤ የተደረደሩት ክፍሎች በዳዶው ኃይል በጥቂቱ ስለሚጨመቁ በግማሽ ኃይል የተለካ ውጤት በሙሉ ኃይል ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

መጀመሪያ ሆን ብለው ልቅነት ይፍጠሩ። የእርስዎ ማስተካከያ ቀለበት፣ ማለትም ከስፔሰሩ ቱቦ ጋር ተደርድሮ ጠቅላላ ርዝመቱን የሚያስተካክለው ቀለበት፣ ውፍረቱ 6.00 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ በእሱ ፋንታ 6.30 የሆነ ያስገቡና ያጥብቁ። ጎማውን በሁለቱም አቅጣጫ ደጋግመው ያዙሩት፤ ሾጣጣ ሮለሮች በትክክል የሚቀመጡት ሲዞሩ ብቻ ነው። ከዚያ ዳያል ጌጁን፣ ማለትም ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ በሞዞው ላይ አሳርፈው ጎማውን በአክስሉ አቅጣጫ ወደ ላይና ወደ ታች እየገፉ ልቅነቱን ያንብቡ። ንባቡ 0.18 ቢሆን፣ ልቅነቱ ዜሮ የሚሆነው ቀለበቱ 6.12 ሲሆን ነው፤ 0.03 ቅድመ ጫና ከተፈለገ የሚያስፈልገው 6.09 ነው ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ የቀድሞው 6.00 ቀለበት ኩሽኔታዎቹን ከዜሮው ነጥብ በ0.12 አልፎ ይጨምቃቸው ነበር፤ እርስዎ የገለጹትም ክብደት ከዚህ ጋር ይስማማል። የሚፈልጉት ውፍረት ካልተገኘ ወፍራሙን ቀለበት በወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ ጥሩ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት ጠብ አድርገው፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያሹ ማሳነስ ይቻላል፤ ሥራው ቀርፋፋ ቢሆንም ውጤቱ የሚያስደስት ነው። በአራት ቦታ በማይክሮሜትር ለክተው የውፍረቱ ልዩነት ከ0.01 እንዳይበልጥ ይጠብቁ፤ አንዱ ጎኑ የቀጠነ ቀለበት የውስጥ ቀለበቱን ያዘነብለዋልና። ቀጫጭን ሮንዴላዎችን መደራረብ ግን አይረባም፤ በጊዜ ብዛት ይጨፈለቃሉ።

ምን ያህል ቅድመ ጫና እንደሚያስፈልግ ከሌላ ሞተር ሳይክል አይዋሱ። የሚከተሉት የራስዎን ሞዴል የጥገና መጽሐፍ ነው። ቢኤምደብሊው በእነዚያ ሞዴሎቹ ላይ ቀላል ቅድመ ጫና ሲፈልግ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን በ1990ዎቹ ሾጣጣ ሮለር ባላቸው ጎማዎቹ ላይ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ልቅነት እንዲቀር ያዝዛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሞዞዎቻቸውና አክስሎቻቸው ስለሚለያዩ ነው። ሞዞው ከፍሬኑ ሙቀት ሲያገኝ የአሉሚኒየሙና የብረቱ መስፋፋት ስለሚለያይ በቀዝቃዛ የተለካው ልክ በጉዞ ላይ በጥቂቱ ይለወጣል። በዚህም ምክንያት የእኔ አስተያየት መጽሐፉ ከፈቀደው ወሰን ውስጥ ወደ ቀላሉ ጫፍ መጠጋት ይሻላል የሚል ነው። በጥቂቱ የላላ ኩሽኔታ ጠርዙ ላይ በሚሰማ መወዝወዝ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ከመጠን በላይ የተጨመቀ ግን ጸጥ ብሎ ይሞቅና ይቃጠላል።

አምራቹ ጫናውን በመዞሪያ ኃይል ከገለጸው፣ በአክስሉ ፋንታ ሞዞው ታስሮ በአክስሉ ላይ ባለ ስፔሰር ዙሪያ ክር ይጠመጠምና በስፕሪንግ ሚዛን ይሳባል። የሚነበበው አክስሉ መዞር ሲጀምር ያለው ሳይሆን እኩል ሆኖ እየዞረ ሳለ ያለው ኃይል ነው። ስፔሰሩ 30 ሚሊሜትር ዲያሜትር ኖሮት ሚዛኑ 20 ኒውተን ቢያሳይ፣ የመዞሪያው ኃይል 20 በ0.015 ተባዝቶ 0.3 ኒውተን ሜትር ይሆናል።

ተራ ባለ ኳስ ኩሽኔታ፣ ለምሳሌ 6203 ወይም 6204፣ ያለው ሞተር ሳይክል ኖሯችሁ ይህን ለምታነቡ ደግሞ ከላይ ያልኩት ልኬት እናንተን አይመለከትም፤ እነዚህ ኩሽኔታዎች ቅድመ ጫና አይሰጣቸውም። ዳዶው ሲጠብቅ ጎማው ከከበደ ስፔሰሩ አጥሯል ወይም ተረስቷል ማለት ነው። በየጥገናው በመግፊያ ብረት ሲመታ የኖረ ስፔሰር ጫፉ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ርዝመቱ በካሊፐር ይለካ። አንደኛው ኩሽኔታ እስከ መቀመጫው በውጭ ቀለበቱ ተመትቶ ይገባል፣ ስፔሰሩ ይከተላል፣ ሁለተኛው ደግሞ የውስጥ ቀለበቱ ስፔሰሩን እስኪነካ ድረስ ብቻ ይገባል። በአንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ላይ ኩሽኔታውን የሚይዘው ባለ ክር ቀለበት ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ስለሆነ ከመታገል በፊት ክሩን መመልከት ያስፈልጋል።

ልኬቱ ሲያልቅ ዘይቱን አጥበው ግራሶ ይሙሉ። ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን፣ ሊቲየም ላይ የተመሠረተ ቁጥር 2 ግራሶ በቂ ነው። በሮለሮቹ መካከል ከሰፊው ጫፍ በኩል በጣት እየተጫነ በሌላው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ይገባል፤ የሞዞውን ባዶ ቦታ ግን መሙላት አያስፈልግም፤ የተረፈው ሞቆ ወደ ፍሬን ሸራው ሊያመልጥ ይችላል። የቀድሞውን ግራሶ አንድም ሳይቀር ይጠቡ፤ በሸክላ ላይ የተመሠረተ ግራሶ ከሊቲየም ጋር ሲቀላቀል ሁለቱም ሊቀልጡ ይችላሉና።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያው አጭር ጉዞ የፊት ፍሬኑን በተቻለ መጠን ሳይጠቀሙ ይንዱና ቆመው ሞዞውን በእጅዎ ይንኩት። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ እጅዎን ማሳረፍ ካልቻሉ ግን ይፍቱትና ልኬቱን ይድገሙ። ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ከተነዳ በኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥተው ጠርዙን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት፤ አዲሶቹ ቀለበቶች በመቀመጫቸው ላይ ሲረጉ ትንሽ ልቅነት ብቅ ሊል ይችላል። ዳዶዎ የኮፒሊያ ቀዳዳ ያለው ከሆነና በልኩ ጠብቆ ቀዳዳዎቹ ካልተገጣጠሙ፣ መጽሐፉ ሌላ ካላዘዘ በስተቀር ወደ ማጥበቅ አቅጣጫ እስከሚቀጥለው ቀዳዳ ያዙሩት። 6.30 ወይም ከቀለበትዎ የሚወፍር ሌላ ቀለበት አስገብተው ያነበቡትን ልቅነትና የሞተር ሳይክልዎን ሞዴል ከጻፉልኝ፣ የሚያስፈልግዎትን ውፍረት አብረን እናሰላዋለን።