ጸሎቱ ጥሩ ነው፣ ፍርድ ቤትስ ማን ይሸኛቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ቸርቻችን ውስጥ አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቁ ልጆች አሉ፣ እንጸልይላቸዋለን ግን ሌላም ነገር እናድርግ ስል "ፖለቲካ ቸርች አታምጪ" ይሉኛል። ተሳስቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ በፍጹም አልተሳሳትሽም! "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" ያለው ፖለቲከኛ ሳይሆን ጌታ ነው። አሪዞና ቱሳን ያለችው ሳውዝሳይድ ፕሬስቢቴሪያን ቸርች እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1982፣ ልክ የኤል ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ በተገደሉ በ2ኛ ዓመቱ፣ ከኤል ሳልቫዶርና ጓቲማላ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች በሯን በይፋ ከፈተች፣ ፓስተሩ ጆን ፋይፍም ለመንግስት በደብዳቤ አሳውቆ ነው ያደረገው፣ መንግስት ግን ድምፅ መቅጃ የያዙ ሰላዮች ጉባኤያቸው ውስጥ አስገብቶ ከሰሳቸው፣ በ1986 ፋይፍን ጨምሮ 8 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ፣ ማንም ግን እስር ቤት አልገባም። እንዲህ ስደተኛ የሚረዱ ቸርቾችም በበኩላቸው መንግስትን ከሰው በስምምነት ስላለቀ የብዙ ስደተኞች ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ተደረገ። እኔ ይሄን እምነት ነው የምለው።

እናንተ ግን ሰው መደበቅ አይጠበቅባችሁም፣ በህግም ያስጠይቃል። ከቀጠሮ ጀምሩ፦ ልጁን በመኪና ፍርድ ቤት አድርሱት፣ አብራችሁት ግቡ፣ የልደት ሰርተፊኬቱን እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ተርጉሞ ትክክል ነው ብሎ ይፈርምበት። የህግ ምክር ግን ለጠበቃ ተዉት። በተለይ አዲስ የገቡትን አሳይለም አመልክተው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው፣ አሜሪካ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ካላመለከቱ ብዙ ጊዜ መብቱ ያመልጣቸዋል።