መቶ ፐርሰንት ይደርስና እምቢ ይላል

ጥያቄ፦ ሰላም አቦ፣ ከዚራ አንድ የትራንዚት ቢሮ ነው የምሰራው፣ ማታ ማታ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት ምናምን ስካን አድርጌ ዚፕ አደርግና ጅቡቲ ላለው ወኪላችን ሰርቨር ዊንኤስሲፒ በሚባለው ፋይል መላኪያ ፕሮግራም እልካለሁ፣ መላኪያ መንገዱ ኤስኤፍቲፒ የሚሉት ነው። አንዴ ይሄዳል አንዴ እምቢ ይላል። የሚገርመኝ ግን 40 ሜጋውን ሙሉ ጭኖ መቶ ፐርሰንት ከደረሰ በኋላ "እንዲህ የሚባል ፋይል የለም" ይለኛል፣ አሁን የላክሁት እንዴት ነው የሌለው? ደግሜ ስሞክር አንዳንዴ ያልፋል። አንድ ገጽ ብቻ የሆነችው፣ 80 ኪሎባይት የምትሆነው፣ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። አለቃዬ ኔትወርክ ነው ብሎ ራውተር ቀየርን፣ ያው ነው።
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ራውተሩን ተይው። ኔትወርክ ቢሆን አንዴ 20 ላይ አንዴ 70 ላይ ይቆረጥብሽ ነበር እንጂ ሁሌ መቶ እስኪሞላ አይጠብቅሽም። ሳቢያን ያለ አንድ ቢሮም እንዲሁ ኬብል ሲቀይሩ ሁለት ቀን አለፈና መጨረሻ ላይ የተገኘው ይሄው የምነግርሽ ነገር ነው። ቁልፉን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል፣ ትንሿ አታስቸግርም ብለሽ።

ዊንኤስሲፒ ሴቲንጉ ካልተነካ ከ100 ኪሎባይት በላይ የሆነን ፋይል በራሱ ስም አይጭነውም፣ ስሙ መጨረሻ ላይ "ፋይልፓርት" (.filepart) የምትል ቅጥያ ይጨምርበትና በዛ ስም ይጭናል፣ ሲያልቅ ነው ወደ ትክክለኛው ስም የሚቀይረው። ጥሩ ነገር ነው፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ ከቆመበት እንዲቀጥል ነው የተሰራው። አሁን ወደ ጅቡቲ እንሂድ። እንደዚህ ያሉ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ በየተወሰነ ደቂቃ ፎልደሩን እየፈተሸ የመጣውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ፕሮግራም አላቸው። አንቺ 12:08 መጫን ጀምረሽ 12:13 ብትጨርሺ፣ እሱ ደግሞ 12:10 ላይ ቢመጣ፣ ያላለቀውን ፋይልፓርት አንስቶ ይሄዳል። ሰርቨሩ የሚሰራበት ሲስተም ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ የተከፈተ ፋይል እዛው ዲስክ ላይ ቦታው ቢቀየርም መጻፉ አይቆምም፣ ስለዚህ አንቺ ጋር እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ዊንኤስሲፒ ስሙን ልቀይር ሲል ነው ፋይሉን ቦታው ላይ የሚያጣው። አንዴ የሚሄደው አንዴ የማይሄደው ለዚህ ነው፣ ፕሮግራሙ ሳይመጣ ከጨረሽ ያልፋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የዊንኤስሲፒ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ገብተሽ ሎጊንግ የሚለውን አብሪው፣ ሁለት ሶስት ማታ ያለፈውና ያላለፈው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆየ ያዢ። ወኪላችሁን ደግሞ ፕሮግራሙ በየስንት ደቂቃ እንደሚፈትሽ ጠይቂልኝ፣ ፋይሉን የሚወስድበት ፎልደር ውስጥም ፋይልፓርት ብለው ሰርች ያድርጉ። ጠፋ ያልሽው ዚፕ እዛ ተቀምጦ ይገኛል ብዬ ነው የማስበው።

ከተገኘ ፕሮግራማቸው በፋይልፓርት የሚያልቀውን እንዲዘለው ያድርጉት፣ ለሚያውቀው ሰው አንድ መስመር ነው። አይሆንም ካሉ ሌላ ፎልደር ይክፈቱልሽ፣ እዛ ጭነሽ ስትጨርሺ ወደ ዋናው ሙቭ ታደርጊዋለሽ። አደራ ግን፣ ትራንስፈር ስር ኢንዱራንስ የሚለው ውስጥ ይሄን የስም ነገር ማጥፋት ይቻላል፣ ብዙ ሰው አጥፊውና ተገላገይ ይልሻል፣ እንዳታጠፊው። ካጠፋሽው ይሄኛው ኤረር ሊቀር ይችላል፣ ግን ያላለቀው ዚፕ በትክክለኛው ስም ይወሰዳል፣ አንቺ ልኬያለሁ ብለሽ ትተኛለሽ፣ እዛ ግን የማይከፈት ፋይል ይዘው ሊያድሩ ይችላሉ፣ ኮንቴነር ደግሞ ዶክመንት ሳይሟላ አይንቀሳቀስም።

መሃል ላይ ደርቆ የሚቀርብሽ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ ኔትወርኩን እናያለን። ገና ስትገቢ አልቀበልም የሚልሽ ከሆነ ደግሞ ሌላው ሁሉ ማታ ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ሊሆን ይችላል፣ ሰርቨሩ ላይ የሚገባውን የሚቀበለው ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ከሆነና ሴቲንጉ ሳይነካ ከተተወ ገና ፓስዎርድ ያላስገቡ 10 ሰዎች ሲደርሱበት አንዳንዱን በዘፈቀደ መመለስ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይተሽ ሞክሪ። ከወኪሉ የሰማሽውን ጻፊልኝ፣ ሎጉንም ላኪው አብረን እናየዋለን፣ ፓስዎርዱን ብቻ እንዳትልኪ።