መጠኑን ከማስጨመርሽ በፊት ብልቃጡን፣ ሲሪንጁንና የሚወጉበትን ቦታ እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ኢንሱሊን ከጀመሩ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ነጩንና ቀስ ብሎ የሚሠራውን ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤችን፣ ጠዋት 24፣ ማታ 12 ዩኒት ይወጋሉ። ሁለት ጊዜ ተጨምሮላቸዋል፣ ጠዋት ሲለኩ ግን ስኳራቸው ከ280 አይወርድም፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ላብ አጥምቋቸው ይነሳሉ። አዳማ ቆርቆሮ ቤት ተከራይታችሁ ነው ያላችሁት፤ ፍሪጅ ስለሌላችሁ ብልቃጡን ጎረቤት ሱቅ፣ የለስላሳ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። «የመንግሥቱ ኢንሱሊን አይሠራም መሰለኝ፤ ከግል ፋርማሲ ልግዛ ወይስ መጠኑን ላስጨምር?» ነው ያልሽው።

ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸው። የስኳር ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ስኳር ምን እንደሆነና ምን መብላት እንዳለባቸው ስምንት ወር ሙሉ ስትሰሙት ስለቆያችሁ አልደግመውም። «ተጨምሮልኝም አልወርድ አለ፣ ሌሊት ግን ያልበኛል» የሚል ሰው ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመድኃኒቱ ዓይነት ሳይሆን አያያዙና አወጋጉ ነው።

1. ብልቃጡ። የለስላሳ ፍሪጅ ለኢንሱሊን አይታመንም። ኢንሱሊን የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ባለ ሱቁ ለስላሳው በረዶ እንዲሆንለት ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ከኋላ ግድግዳው ጋር የተጠጋ ብልቃጥ ሌሊት ይረጋል፣ ቀን ሲከፈትና ሲዘጋ ይቀልጣል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይመለስም። 24 ብለሽ ትስቢያለሽ፣ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ግን ስንት እንደሚሠራ አይታወቅም።

ዛሬውኑ እንዲህ አድርጊ። ብልቃጡን በሁለት መዳፍሽ መሃል 10 ጊዜ አንከባልዪው፣ ከዚያ 10 ጊዜ ቀስ ብለሽ ገልብጪው፤ አትናጪው፣ አረፋ ይሠራና መጠኑን ያዛባብሻል። ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፤ ወጥ ሆኖ እንደ ወተት መንጣት አለበት። ነጫጭ ቅንጣት ከተንሳፈፈበት ወይም ውርጭ የመሰለ ነገር የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ጣዪው፤ ብልቃጡ ገና ሙሉ ቢሆንም ጣዪው።

የተከፈተ ብልቃጥ ደግሞ የግድ ፍሪጅ አይፈልግም። ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ 4 ሳምንት ይቆያል። የአዳማ ችግር ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ ያልፋል። መፍትሔው ሸክላ ነው። አንዱ አንዱ ውስጥ የሚገባ፣ በዘይት ያልተሟሸ ሁለት አዲስ ማሰሮ ግዢ። የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ ውኃ አያሰርግም፣ ውኃ ካላሰረገ አይቀዘቅዝም። በሁለቱ መሃል አሸዋ ሙዪ፣ ጠዋትና ማታ አሸዋውን በውኃ አርሺ። ብልቃጡን ላስቲክ ውስጥ ቋጥረሽ ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ አስቀምጪ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚ። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይሁን፤ አልጋ ሥር ከከተትሽው አይሠራም። የአዳማ ደረቅ ነፋስ ለዚህ ተስማሚ ነው። ክረምት ላይ እርጥበቱ ሲጨምር ማሰሮው ይደክማል፣ ያኔ ግን አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። ያልተከፈተ ትርፍ ብልቃጥ ግን ማሰሮ አይበቃውም፤ የሰው ቤት ፍሪጅ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው የራቀ ቦታ ይፈልጋል። ካልተገኘ ያለው ሊያልቅ ሲል አንድ አንድ ብቻ ውሰጂ።

የከፈትሽበትን ቀን በፕላስተር ጽፈሽ ለጥፊበት። ቀኑ ሌላም ነገር ይነግርሻል። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ 1,000 ዩኒት ይይዛል። እናትሽ በቀን 36 ዩኒት ስለሚወጉ 27 ቀን ገደማ ላይ ማለቅ አለበት። በ40ኛው ቀን ካላለቀ ወይ መጠኑ እያነሰ እየተሳበ ነው፣ ወይ አንዳንድ ቀን እየተዘለለ ነው። በ15 ቀን ካለቀ በእጥፍ ገደማ እየተወጉ ነው፤ ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ያልባል፣ ያኔ የሌሊቱ ላብ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ይህችን ሒሳብ ለማንም ታካሚ ቤተሰብ ሳልነግር አላልፍም።

2. ሲሪንጁ። ብልቃጡ ላይ ዩ-100 የሚል አለ፣ በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ማለት ነው፤ ሲሪንጁም ላይ ዩ-100 መባል አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ክዳኑ ብርቱካናማ ነው። ክዳኑ ቀይ ሆኖ ዩ-40 የሚል ካጋጠመሽ መልሺው፤ በእሱ 24 ብለሽ ብትስቢ የምትወጊያቸው 60 ዩኒት ነው። ትክክለኛው ሲሪንጅ ሆኖም መስመሩ ያሳስታል። ባለ 1 ሚሊው ላይ ብዙውን ጊዜ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፣ ባለ ግማሽ ሚሊው ላይ 1። «12 መስመር» እያላችሁ ቆጥራችሁ የለመዳችሁ ከሆነ፣ ሲሪንጁ የተቀየረ ቀን መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። መስመር አትቁጠሩ፣ ቁጥሩን አንብቡ። እናትሽ ራሳቸው የሚስቡ ከሆነና ዓይናቸው ከደከመ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይሳብላቸው።

3. የሚወጉበት ቦታ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ የእናትሽም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ሲወጋ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ይወፍራል፣ ይጠጥራል። አያምም፤ እንዲያውም የመወጋት ስሜቱ ስለሚቀንስ ሰው ሳያውቀው ወደዚያው እየተመለሰ ይወጋበታል። እዚያ የገባ ኢንሱሊን ግን እንደ ፈለገው ነው የሚወጣው፤ አንድ ቀን ግማሹ ይቀራል፣ ሌላ ቀን ዘግይቶ ሌሊት ላይ ይለቀቃል። ጠዋት 280፣ ሌሊት ላብ፤ ሁለቱም ከአንድ እብጠት ሊመጡ ይችላሉ።

እንዴት እንደሚፈለግ ልንገርሽ። በጀርባቸው አስተኚያቸው። እጅሽን ሳሙና ወይም ቅባት አስነኪ፤ የደረቀ ጣት አይንሸራተትም፣ እብጠቱንም አያገኘውም። ከእምብርታቸው ግራና ቀኝ ጀምረሽ በጣቶችሽ ቀስ እያልሽ በክብ ዳብሺ። ደህናው ቦታ ልስልስ ይላል፣ ሲቆነጥጡት ቀጭን ሆኖ ይያዛል። እብጠቱ ጠጠር ይላል፣ አይቆነጠጥም፤ አንዳንዴ ከመታየቱ ይልቅ መዳሰሱ ይቀላል። ያገኘሽውን በእስክሪብቶ ክበቢው። ታፋቸውንም ክንዳቸውንም እንዲሁ እዪ። የተከበበው ቦታ ላይ ወራት አይወጋም።

አሁን በጥንቃቄ አንብቢ። እብጠት ካገኘሽ ዝም ብለሽ ነገ ጠዋት ወደ ደህናው ቦታ 24ቱን እንዳትወጊ! የእናትሽ መጠን ሁለት ጊዜ የተጨመረው እብጠት ላይ እየተወጋ ሳለ ሊሆን ይችላል። ደህና ሥጋ ሁሉንም ይቀበለዋል፣ ስኳራቸውም በአንድ ቀን ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ክትትላቸው ሂጂ፤ «እብጠት አግኝተናል፣ ቦታ ልንቀይር ነው፣ መጠኑ ይቀነስ ወይ?» በዪ። ስንት እንደሚቀነስ እኔ እዚህ አልጽፍልሽም፤ ቁጥራቸውን አይቶ የሚወስነው ሐኪማቸው ነው። ቦታ በተቀየረበት ሳምንት ከቁርስ በፊት፣ ከምሳ በፊት፣ ከእራት በፊትና ሲተኙ ለኩ፤ ስኳር የተበጠበጠ ውኃም አጠገባቸው ይኑር።

በዚህ ነገር በጣም ነው የማዝነው። ታካሚው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ይገባል፣ «ስንት ነው?» ይባላል፣ «280»፣ «ይጨመር»፣ ካርዱ ይጻፋል፣ ቀጣይ። ልብሱን ገልጦ ሆዱን የሚዳብስለት የለም። መዳበስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰልፉ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም እዚያው ነኝ፤ ሆኖም ያልተዳበሰ ሆድ ላይ የተጨመረ መጠን ሌሊት ሰው ይጥላል። ስለዚህ ቀጠሮ ቀን አትፈሪ፣ «እባክዎ የሚወጉበትን ቦታ ይዩልኝ» በዪ። ቢቆጧችሁም ሳይታዩ አትውጡ።

ወደ ፊት እንዲህ ውጉ፤ ከእምብርት ሁለት ጣት ራቁ፣ አንዱን ሳምንት ሆድ ቀኙን፣ ሌላውን ሳምንት ግራውን፣ ቀጥሎ ታፋ፤ በየቀኑ ከትናንቱ አንድ ጣት ፈቀቅ በሉ። ቀጭን ከሆኑ ቆዳውን ቆንጥጣችሁ መርፌውን አጋድሙት። ገፍታችሁ ስትጨርሱ እስከ 10 ቆጥራችሁ አውጡት፣ አትሹት። ያገለገለ ሲሪንጅ የሃይላንድ ላስቲክ ይበሳል፤ ወፍራም የዘይት ጀሪካን ውስጥ አጠራቅማችሁ ጤና ጣቢያ ስጡ።

የሌሊቱን ላብ በግምት አትተዉት። ማታ 12 ሰዓት የተወጋ ኤንፒኤች የሚበረታው ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለጥቂት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሰሽ ለኪያቸው። ከ70 በታች ከሆነ፣ የማታውን መጠን መጨመር ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ ጠዋት ከፍ የሚለው ሌሊት ደንግጠው በሚጠጡት ስኳርና ሰውነታቸው በሚሰጠው መልስ ሊሆን ይችላል። በ9 ሰዓትም 250 ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ውሳኔው የሰማይና የምድር ያህል ስለሚራራቅ፣ ያን ቁጥር ሳትይዢ ቀጠሮ አትሂጂ። የሚለካውም ጣት በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ ብርቱካን የላጠ ጣት ሐሰተኛ 300 ያሳያል። የስትሪፑ ዕቃ ክዳኑ ወዲያው ይዘጋ፣ ቀኑ ያለፈበትን አትጠቀሙ።

ከ70 በታች ሲሆን፣ ወይም መለኪያ በሌለበት ሲያልባቸው፣ ሲንቀጠቀጡና ሲደናገራቸው፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጪ፤ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል፣ ስኳር የሌለው ዓይነት ግን አይጠቅምም። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ከወጣ በኋላ ቁራሽ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብሉ፤ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታፍስሺ፤ በጎናቸው አስተኝተሽ ባጃጅም ቢሆን አስጠርተሽ ድንገተኛ ክፍል አድርሺያቸው፣ እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጣቸዋል።

ጾምን ያላነሣሽው እየጾሙ ስለሆነ ይመስለኛል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋው ከ5 እስከ 11 ሰዓት ይበረታል፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ኢንሱሊኑ ባዶ ሆድ ላይ በርትቶ ያገኛቸዋል። የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ የምግቡን ዓይነት የጾም አድርገው በሰዓቱ መብላት ይችላሉ። መርፌውን ግን በራሳቸው አይተዉ።

በሕመም ጊዜም ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ነው፤ «አልበላሁምና አልወጋም» ይባላል። ትኩሳት ራሱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። በየ4 ሰዓቱ ለኪ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ወደ ክትትሉ ደውዪ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ትውከትና ተቅማጥ ባለበት ቀን ቆም ይደረግ እንደሆነ ጠይቂ። ያለማቋረጥ ካስመለሳቸው፣ ሆዳቸውን ከቆረጣቸው፣ ትንፋሻቸው ከረዘመና ከፈጠነ ወይም ግራ ከተጋቡ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ሁለት ነገር ደግሞ አጣሪ። ኢንሱሊን ከመጀመራቸው በፊት ይወስዱት የነበረው ግሊቤንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) ቤት ተርፎ አሁንም እየዋጡት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ለሌሊቱ መውረድ እሱ ብቻውን ይበቃል። የኩላሊት ምርመራ ከተሠራላቸው ከቆየም ይሠራላቸው፤ ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ የለመዱት መጠን ይበዛባቸዋል።

ከግል ፋርማሲ ስለመግዛቱ፦ ዩ-100 ኤንፒኤች የትም ያው ኤንፒኤች ነው፤ በውድ የተገዛው የተሻለ አይሠራም። የያዛችሁት የተበላሸ ሆኖ፣ ከመንግሥቱ ቤትም ለጊዜው ካጣችሁና ለመግዛት ከተገደዳችሁ፣ ዓይንሽ እያየ ከፍሪጅ ካላወጡልሽ አትቀበዪ። ከመደርደሪያ አንሥተው በፌስታል የሚሰጡ አሉ። በእጅሽ ዳሰሽ ቅዝቃዜውን አረጋግጪ፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቢ፣ ሳታዟዙሪ በቀጥታ ወደ ቤት ውሰጂው፤ በረዶ ከያዝሽም ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልዪው። የሳምንቱን ቁጥር ከነሰዓቱ ጽፈሽ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።