አባቴ በሐሰት መስክርልኝ ቢሉኝ ልታዘዝ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። አብረን ስለምንኖር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ማታ ማታ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ሟቹ አጎቴ ገንደ ቆሬ ያሠራው ቤት የእርሳቸው እንደሆነ ፍርድ ቤት ቀርቤ እንድመሰክር ይፈልጋሉ። ያኔ ልጅ ብሆንም አጎቴ ድንጋይና አሸዋ ሲያስወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ በቤቱ ያለችው ሚስቱ ናት። «እምቢ ካልክ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥቼ እረግምሃለሁ» ብለውኛል። ትእዛዙን አፈረስኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትመስክር። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ዘጸአት 20፥12 ላይ ነው፤ አራት ቁጥር ወረድ ብትል «በሐሰት አትመስክር» ይላል። ሁለቱንም ያዘዘ አንዱ እግዚአብሔር ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ልጆችን «ለወላጆቻችሁ በጌታ ታዘዙ» ሲል «በጌታ» የምትለዋን ቃል በከንቱ አላስገባትም። መበለትን ከቤቷ ለማስወጣት መመስከር በጌታ መታዘዝ ሊሆን አይችልም።

እርግማኑ እንዳስጨነቀህ ይገባኛል፤ በእኛ አገር የአባት እርግማን ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መጽሐፈ ምሳሌ ያለ ምክንያት የተረገመ እርግማን እንደማይደርስ ይነግረናል። ደግሞስ ታኅሣሥ 19 የምን በዓል ነው? ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣበት ነው። እነዚያ ልጆች እሳት ውስጥ የተጣሉት ንጉሡ ላቆመው ምስል አንሰግድም ስላሉ ነበር። ታዲያ መልአኩ እውነትን ይዞ እምቢ ባለ ልጅ ላይ የሚነሣ ይመስልሃል?

አሁን የምጨነቀው ስለ ሌላው ነገር ነው። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለውን ቃል ይዘው ወላጆቻቸውን ጥለው የሄዱ ልጆች አይቻለሁ። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የገሠጻቸው ሰዎችም ገንዘቡን «ቁርባን ነው» እያሉ ለአባትና ለእናት የሚገባውን ይከለክሉ ነበር። አንተ ምስክርነቱን እንጂ አባትህን እምቢ አላልክም።

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት፣ ቤታችሁ ውስጥ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገራቸው። እግራቸው ሥር ዝቅ ብለህ «አባዬ፣ ይህን አልችልም» በላቸው። ምክንያቱን አታብዛ፤ አትከራከር። ወሬውንም ለጎረቤት አታውጣ። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን የሸፈኑት ፊታቸውን አዙረው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነበር። ሌላው ወገን ምስክር አድርጎ ቢጠራህ ግን ያየኸውን ብቻ ተናገር። ያም እንደሚሆን አባትህ ከችሎት ሳይሆን አስቀድመው ከአንተ ይስሙ። እርሳቸውና የአጎትህ ሚስት በሽምግልና እንዲነጋገሩ የንስሐ አባታችሁን ለምናቸው፤ እኔም ብትፈልግ አብሬህ እመጣለሁ።

ምናልባት ለጥቂት ሳምንታት ላያናግሩህ ይችላሉ። መድኃኒቱን ግን የዚያኑ ዕለት ማታ፣ እንደ ወትሮው ከውኃ ጋር አቅርብላቸው። ለቁልቢ ሲነሡም ጋቢያቸውን ይዘህ አብረሃቸው ውጣ።