ክሩሲብል ውስጥ የቀረው ቢጫ ዱቄት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱ ስለ አንድ ቤተሰብ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አድርገናቸዋል። ቤተሰቡ ከካርቦንና ከናይትሮጅን፣ አንዳንዴም ጥቂት ሃይድሮጅን ተጨምሮባቸው የሚሠሩ ፖሊመሮች (ትናንሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሯቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች) ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በአንድ የቆየ መጽሐፍ ላይ «ፓራሳያኖጅን» የሚል ስም አየሁ፤ ማብራሪያው ግን ከአንድ መስመር አይበልጥም። ምንድን ነው? ለምንስ ብዙ አልተጻፈበትም? ለተማሪዎቼ ሠርቼ ላሳያቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምርና፣ እባክዎ አይሥሩት። ወደዚህ ውሁድ የሚወስደው መንገድ ከካርቦንና ከናይትሮጅን ብቻ በተሠራው በሳያኖጅን ጋዝ ውስጥ ያልፋል፤ በጥንቱ አሠራር ደግሞ የሜርኩሪ ትነት ይጨመርበታል። ሁለቱም ገዳይ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚችላቸው አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1815 ፈረንሳዊው ጌ ሉሳክ ሜርኩሪ ሳያናይድን በማሞቅ ሳያኖጅንን ለየ። በዚህ መንገድ ጋዙ ወጥቶ ሲያልቅ ከዕቃው ሥር ጠቆር ያለ ቅሪት ይቀራል። ይህ ቅሪት በኋላ ፓራሳያኖጅን የሚል ስም ተሰጠው። ሳያኖጅን ራሱ ከ300 እስከ 500 ዲግሪ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ወደዚሁ ጥቁር ፖሊመር ይለወጣሉ። ከ800 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ ተመልሶ ወደ ጋዙ ይፈርሳል። ለአንድ ካርቦን አንድ ናይትሮጅን አለው፤ በክብደት 46.2 በመቶ ካርቦን፣ 53.8 በመቶ ናይትሮጅን ማለት ነው።

ለምን አልተጠናም ላሉት፣ ምክንያቱ ለመያዝ የማይመች መሆኑ ነው። በተለመዱት ፈሳሾች አይሟሟም፣ አይቀልጥም፣ ክሪስታልም አይሠራም። የማይሟሟን ነገር እንደ ሌሎች ውሁዶች አጥርቶ፣ በፈሳሽ አሟሙቶ መመርመር አይቻልም፤ ክሪስታል የሌለውን ደግሞ ኤክስሬይ አቶሞቹ የት የት እንዳሉ አይነግረንም። በ1950ዎቹ የቀረበው ሐሳብ ናይትሮጅን ያለባቸው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበቶች እንደ መሰላል ተያይዘው ይደረደራሉ የሚል ነው፤ እስከዛሬም በብዛት የሚጠቀሰው እሱ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሚጠቀሰው ስለሚስማማ እንጂ በማያሻማ ማስረጃ ስለተረጋገጠ አለመሆኑ ነው።

ለክፍል የሚሆን ነገር ከፈለጉ ከሰማይ ይጀምሩ። በ1910 ሃሊ የተባለው ጅራታም ኮከብ ሲቀርብ በጅራቱ ብርሃን ውስጥ የሳያኖጅን ምልክት መታየቱ ተነግሮ በብዙ አገር ሕዝብ ተሸብሮ ነበር። ጅራቱ እጅግ ስስ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። ዛሬም ተመራማሪዎች የጅራታም ኮከቦች የካርቦንና የናይትሮጅን ቁርጥራጭ ከየት እንደሚመጣ ሲመረምሩ፣ ከሚጠረጥሯቸው ምንጮች አንዱ እንዲህ ያለ ጥቁር የፖሊመር ብናኝ ነው።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድ የሚባለውን ቢጫ ፖሊመር ለመሥራት 10 ግራም ሜላሚን በክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ትንሽ ዕቃ) አድርጌ በ550 ዲግሪ 4 ሰዓት አቆየሁት። ስከፍተው ግማሽ ግራም እንኳ አልቀረም፤ የፈርነሱ (የማሞቂያ ምድጃው) ጣሪያ ላይ ግን ነጭ ነገር ተለጥፏል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ክዳን አላደረጉም፤ ወይም ያደረጉት ክዳን በደንብ አልገጠመም። ጣሪያው ላይ ያገኙት ነጭ ነገር የተነነው ሜላሚንዎ ነው። ሜላሚን ሲሞቅ፣ ፖሊመር የመሆን ዕድል ከማግኘቱ በፊት ብዙው በጋዝ መልክ ያመልጣል። ክዳኑ ትነቱን እዚያው አፍኖ ሲይዘው ግን ሞለኪውሎቹ አሞኒያ እየለቀቁ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ደረጃዎቹን ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ሜላም፣ 390 ዲግሪ አካባቢ ሜለም፣ 520 ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሜሎን የተባለው ፖሊመር ይፈጠራል። ስሞቹን ያወጣው ጀርመናዊው ሊቢሽ ነው፣ በ1834። ከ600 ዲግሪ በላይ ፖሊመሩ መፍረስ ይጀምራል፤ 700 ላይ በክሩሲብሉ ውስጥ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ የሚሠሩት በጠባብ በር ነው። የፈርነሱ ሰሌዳ 550 እያለ ክሩሲብሉ የተቀመጠበት ቦታ 590 ከሆነ ውጤቱ ይበላሻል። በሌላ ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ) የክሩሲብሉን ቦታ አንድ ጊዜ ለክተው ልዩነቱን ፈርነሱ ላይ ለጥፉት።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። 10 ግራም ሜላሚን በሙቀጫ ያድቅቁ። በ50 ሚሊ ሊትር የአሉሚና ወይም የፖርሴሊን ክሩሲብል ውስጥ ከግማሽ ሳያልፍ ይጨምሩ። ክዳኑን ይግጠሙና ክሩሲብሉን ከነክዳኑ በአሉሚኒየም ፎይል ሁለት ዙር ጠቅልሉት። ፎይሉ የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ስለሆነ 550ን ይችላል። በየደቂቃው 5 ዲግሪ እየጨመሩ 550 ያድርሱ፣ 4 ሰዓት ያቆዩ፣ ከዚያ ፈርነሱ ተዘግቶ በራሱ ጊዜ ይብረድ። ከ80 ዲግሪ በታች ሳይወርድ አይክፈቱት።

ምን ያህል ይጠብቁ? በስሌት ሁለት የሜላሚን ሞለኪውሎች ሦስት አሞኒያ ለቀው አንድ የሜሎን ክፍል ይሰጣሉ። ስለዚህ ከ10 ግራም ቢበዛ 8 ግራም ሊወጣ ይችላል። በተግባር ግን ክዳኑ ጥሩ ሲሆን 5 ግራም አካባቢ ነው። ከ8 በላይ ካገኙ አይደሰቱ፤ ምላሹ አላለቀም ማለት ነው። ቀለሙም ይነግርዎታል፦ ነጣ ያለ ክሬም ከሆነ ገና ሜለም ላይ ነው፤ ንጹህ ቢጫ ከሆነ ደርሷል፤ ወደ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ካደላ ከልክ በላይ ሞቋል።

አየሩን አደራ። 10 ግራም ሜላሚን ወደ 2 ግራም አሞኒያ ይለቃል፤ በባሕር ጠለል 3 ሊትር የሚጠጋ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ከ3.5 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ነው። ፈርነሱ ጢስ ማውጫ ሥር ካልሆነ ሥራውን አይጀምሩ። ሙቀቱ አምልጦ ከ600 ካለፈ ደግሞ ከሚወጡት ጋዞች መካከል ሳያናይድ ያለባቸው ስለሚገኙ በሩን ከፍታችሁ «ምን ሆነ» ብላችሁ አትመልከቱ፤ ኃይሉን አጥፍታችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ ሜላሚን በቀላሉ አላገኝም። በየገበሬው ቤት ያለው ዩሪያ ማዳበሪያ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ ምርቱ ግን ትንሽ ነው። 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ራሱ ዩሪያ ነው፤ ቢዩሬት የሚባል ተጓዳኝና ፍሬው እንዳይጋግር የተጨመረ ጥቂት ነገር አለበት። ለልምምድ እንዳለ መጠቀም ይቻላል። ለሚታተም ሥራ ከሆነ ግን በሙቅ ውሃ አሟሙተው፣ አጣርተው፣ አቀዝቅዘው ክሪስታሉን ይሰብስቡ፤ ከዚያ ከ80 ዲግሪ ሳያልፍ ያድርቁት።

ዩሪያ 133 ዲግሪ ላይ ይቀልጥና ይንተከተካል፤ ክሩሲብሉን ከሞሉት ገንፍሎ ፈርነሱን ያበላሻል። ከሲሶ በላይ አይሙሉት። በስሌት ከ10 ግራም 2.8 ግራም ሊገኝ ይገባ ነበር። በተግባር ግማሽ ግራም አካባቢ ነው የሚቀረው፤ ምክንያቱም አብዛኛው በአሞኒያና በአይሶሳያኒክ አሲድ መልክ ይሄዳል። ይህ አሲድ ጢስ መውጫው ላይ ሲበርድ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጠጥራል፤ በየጊዜው ካልጠረጋችሁት ቱቦውን ይዘጋል።

ለዚህ ሁሉ ድካም የሚያገኙት ጥቅም አለ። የሚወጡት ጋዞች ዱቄቱን እንደ ሊጥ ስለሚነፉት፣ ከዩሪያ የተሠራው ቀላልና ብዙ ቀዳዳ ያለው ነው። በአንድ ግራም ከ60 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው ከሜላሚን የተሠራው 10 አካባቢ ብቻ ነው። ሥራችሁ ብርሃን ተቀብሎ ፈሳሽ ውስጥ ምላሽ የሚያፋጥን ነገር መሥራት ከሆነ እኛ የምንመርጠው ዩሪያውን ነው።

ጥያቄ፦ የናሙናዬ ትንተና ካርቦን 34.5፣ ናይትሮጅን 61.0፣ ሃይድሮጅን 2.1 በመቶ ሆኖ መጣ። ሦስት ካርቦን ለአራት ናይትሮጅን በሚለው ቀመር ግን ካርቦኑ 39.1፣ ናይትሮጅኑ 60.9 መሆን ነበረበት። አማካሪዬ «አልተሳካም» ይላሉ። እውነት ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። የተሳሳተው ስሙ ነው። ከሜላሚን ወይም ከዩሪያ በተለመደው ፈርነስ የሚሠራው ቢጫ ዱቄት በየጽሑፉ «ሲ ሦስት ኤን አራት» ይባላል፤ በእውነቱ ግን በአብዛኛው ሜሎን ነው፤ ሃይድሮጅን አለው። ሜሎን ለስድስት ካርቦን ዘጠኝ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ይኸውም በክብደት 35.8፣ 62.7 እና 1.5 በመቶ ነው።

ቁጥሮችዎን አብረን እንያቸው። ሲደመሩ 97.6 ናቸው፤ የጎደለው 2.4 በመቶ ኦክስጅን ነው ብንል፣ ዱቄቱ ከአየር ከወሰደው ውሃ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያን ውሃ (2.7 በመቶ ያህል) ቀንሰን ብናሰላ ካርቦን 35.5፣ ናይትሮጅን 62.7፣ ሃይድሮጅን 1.85 ይመጣል። ከሜሎን ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ሃይድሮጅኑ ትንሽ የበለጠው ሰንሰለቶቹ አጭር በመሆናቸው በየጫፋቸው ብዙ የአሚን (የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን) ቡድን ስለቀረ ነው። የሜለም ሃይድሮጅን 2.8 ስለሆነ እዚያ ግን አልደረሰም። በሚቀጥለው ጊዜ ናሙናውን ከመላክዎ በፊት በ120 ዲግሪ በቫክዩም ለአንድ ሌሊት ያድርቁት፤ በታሸገ ጠርሙስ ይላኩት።

አማካሪዎን ለማሳመን ሦስት ነገር ይያዙ። የካርቦንና የናይትሮጅን የአቶም ምጣኔ የእርስዎ 0.66 ነው፤ ሜሎን 0.67፣ እውነተኛው ካርቦን ናይትራይድ 0.75፣ ፓራሳያኖጅን ደግሞ 1። በመዳብ ምንጭ በሚሠራው ኤክስሬይ 27.4 ዲግሪ ላይ ጉልህ፣ 13 አካባቢ ደግሞ ደከም ያለ ጫፍ ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው የንብርብሮቹን ርቀት፣ ማለትም 0.326 ናኖሜትርን ያሳያል። በኢንፍራሬድ ደግሞ (ቁጥሮቹ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ናቸው) 810 ላይ ቀለበቶቹ፣ ከ3000 እስከ 3300 ባለው ሰፊ ጉብታ ላይ ሃይድሮጅን የያዘው ናይትሮጅን ይታያል። 2170 አካባቢ ስለታም ጫፍ ብቅ ካለ አንዳንድ ቀለበቶች ተከፍተዋል፤ ብዙ ጊዜ የመጋል ምልክት ነው።

እግረ መንገዱን፣ ያለ ሃይድሮጅን የሆነው ጠንካራው ካርቦን ናይትራይድ ሌላ ታሪክ ነው። ተመራማሪዎቹ ሊዩና ኮኸን በ1989 ከአልማዝ ጋር የሚወዳደር ጥንካሬ ሊኖረው እንደሚችል በስሌት ተነበዩ። ክሪስታሎቹ ከ70 ጊጋፓስካል በላይ በሆነ ግፊት ተሠርተው ወደ ተራ አየር ግፊት መመለስ መቻላቸው የታተመው በ2023 ነው። በፈርነስ የሚገኝ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዱቄቱ በፀሐይ ብርሃን የጨርቅ ማቅለሚያ ያጠፋል ሲባል ሰምቼ በሜቲሊን ብሉ ሞከርኩት። መብራቱን ሳላበራ በፊት ቀለሙ ቀነሰ። ሠራ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አልሠራም። በጨለማ የቀነሰው ቀለም ዱቄቱ ላይ ተለጥፎ ነው፤ አልፈረሰም። ለዚህ ነው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ (በሊትር 10 ሚሊግራም ቀለም) 50 ሚሊግራም ዱቄት ጨምራችሁ በጨለማ 30 ደቂቃ የምታማስሉት። የቀለሙን መጠን የሚለካው መሣሪያ ንባብ ሲረጋ እሱ መነሻችሁ ነው፤ ከዚያ መብራቱ ይበራል። ፖሊመሩ የሚውጠው ወደ 460 ናኖሜትርና ከዚያ በታች ያለውን ሰማያዊና ቫዮሌት ብርሃን ስለሆነ ቀይ መብራት አይረዳም። በየ15 ደቂቃው 4 ሚሊ ሊትር ቅዱና በሴንትሪፉጅ ዱቄቱን አውጡ። ጥቂት ዱቄት እንኳ ከቀረ ብርሃን እየበተነ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል።

ሜቲሊን ብሉን በ664፣ ሮዳሚን ቢ የተባለውን ሌላ ማቅለሚያ በ554 ናኖሜትር ያንብቡ። ሮዳሚን ላይ ወጥመድ አለ፦ ጫፉ ወደ 498 አካባቢ ከተንሸራተተ ሞለኪውሉ ክንፎቹን (በጎኑ የተያያዙትን ቡድኖች) ጥሎ ቀለም ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በ554 ብቻ ያነበበ ሰው ግን «90 በመቶ ጠፋ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ሙሉውን ስፔክትረም አውጡ፤ ከተቻለም የውሃውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን አስለኩ። ሌላው የማይቀር ነገር ዱቄት የሌለበት ብልቃጥ ነው። ሜቲሊን ብሉ ብርሃን ላይ በራሱ ስለሚደበዝዝ፣ ያን ካልቀነሳችሁ የዱቄቱን ሥራ አላወቃችሁም። ዱቄቱን አጥባችሁ በ80 ዲግሪ አድርቁና አራት ጊዜ ድገሙት፤ በየዙሩ የሚጠፋውን ክብደትም መዝግቡ፤ ምክንያቱም ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው አቅሙ የቀነሰ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ዱቄቱ ሲታጠብ አብሮ ስለፈሰሰ ነው።