«ጊፍት» መርዝ ነው ወይስ ስጦታ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ትንሿ ልጄ የአይጥ መድኃኒት እሽግ ላይ «ራተንጊፍት» የሚለውን አንብባ፣ በእንግሊዝኛ እንደተማረችው «ለአይጦች ስጦታ ነው?» አለችኝ። ደነገጥኩ።

መልስ፦ መደንገጥዎ ተገቢ ነው፤ ዛሬውኑ ያስረዷት። በጀርመንኛ «ጊፍት» መርዝ ነው። የእንግሊዝኛውም የጀርመንኛውም ቃል «መስጠት» ከሚል ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ናቸው። ጀርመንኛውም ድሮ ስጦታ ማለት ነበር፤ ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትሄደው ሀብት እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይባላል። ታዲያ እንዴት መርዝ ሆነ? በግሪክኛ «ዶሲስ» መስጠት ማለት ነበር፤ ኋላ ለበሽተኛ የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን ሆነ፤ ሐኪሞቻችን «ዶዝ» የሚሉት ይኸው ነው። ጀርመንኛውም ይህንኑ ፈለግ ተከተለ፤ ክፉውን ነገር በለሰለሰ ስም መጥራት ነው። እኛስ ብንሆን አይጥ የሚገድለውን «መድኃኒት» አይደል የምንለው? «መድኃኒት አበሉት» ሲባልም ፈውስ የሚያስብ የለም። ልጅዎ ምናልባት አንዳች ነገር ቀምሳ ከሆነ «ጊፍትኖትሩፍ» የሚባል የመርዝ አደጋ የምክር ስልክ አለ፤ ራሷን ከሳተች ግን በቀጥታ 112 ይደውሉ። የአካባቢዎን ቁጥር ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ ስዊድን ከመጣሁ ገና አንድ ወር ነው። ቅጽ ላይ «ጊፍት» የሚል ምርጫ አየሁ። ምን ልሙላ?

መልስ፦ ባለትዳር ከሆንሽ እሱን ምረጪ፤ ያላገባ «ኡጊፍት» ነው። ሲነበብ ግን «ዪፍት» ይባላል። ሥሩ ያው መስጠት ነው። የእኛም አባቶች «ልጄን ለእገሌ ሰጠሁ» ሲሉ ዳርኩ ማለታቸው ነበርና አይክበድሽ። በስዊድንኛ መርዝም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ ዕቃ ላይ ካየሽው እጅሽን ሰብስቢ።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ሳለሁ ቅቤ «ቡሮ» ነበር። ማድሪድ ስጠይቅ ሻጩ ግራ ተጋባ።

መልስ፦ በስፓኒሽ «ቡሮ» አህያ ነው፤ ቅቤው «ማንቴኪያ» ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። የጣሊያንኛው ቅቤን ከሚጠራ የግሪክ ቃል በላቲን በኩል የመጣ ሲሆን፣ የስፓኒሹ ትንሽ ፈረስ ከሚል የኋለኛ ዘመን ላቲን ነው። የገጠሙት በድምፅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ያለው የእህቴ ልጅ «ጊምናዚየም ገባ» አሉኝ። ትምህርቱን ትቶ ስፖርተኛ ሊሆን ነው?

መልስ፦ ኧረ እንኳን ደስ ያለዎት! እዚያ ጊምናዚየም «አቢቱር» በሚባለው ፈተና የሚያበቃ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ነው። በጥንቷ አቴና ስፖርት የሚሠራበት ቦታ ፈላስፎች የሚያስተምሩበትም ነበር፤ ፕላቶም አርስቶትልም ያስተማሩት በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። እንግሊዝኛው ስፖርቱን ወሰደ፣ ጀርመንኛው ትምህርቱን።